የምላስ ክብደት

ፔንር ጠየቀኝ፣ በግራሶ ክንዱ ባንኮኒውን ተደግፎ፣
ከጀርባው የመጎተቻ ብረት በየሚስማሩ ተሰልፎ፦
«የተጎታች ቤትሽ ምላስ
ስንት ኪሎ ነው?» ሲል፣ ከየት ይምጣልኝ መልስ።

ምላስ ይሉታል ባለሙያዎቹ ያንን የፊት ብረት፣
ተጎታቹ መኪናው ወገብ ላይ የሚደገፍበት።
እኔ ግን ዞሬ በመስኮት ያየሁት ኦሬስትን፣
በግራ እጁ ሲያባብላት የደነዘዘች ቀኙን።
ጥር ላይ ነው፣ በረዶ ሲዝቅ፣ ምላሱ የከበደው፤
«አዎ» እና «ኧረ» ቀሩለት፣ ሌላውን ቃል በረዶው ወሰደው።

አርባ በጋ እሱ ነው የነዳ፣ እኔ ብርቱካን ስልጥ፣
ካርታ ጉልበቴ ላይ፣ ሳንቀላፋ፣ ድልድይ ሲመጣ ስደነግጥ።
ዘንድሮ መሪው ወደ እኔ ዞረ። በሰኔ መባቻ
ሞከርኩት፣ ተጎታቹን አንጠልጥዬ በኳሷ ብቻ።
የመኪናው ቂጥ ወደቀ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና፣
መብራቱ አስፋልቱን ትቶ ሄደ ሊያይ ደመና፤
መሪው እጄ ላይ ቀለለ፣
ስሙን ሲጠሩት እንደማይሰማ ልጅ ዋለለ።

ከዚያ ነፋሱ።
የሳስካችዋን ነፋስ ዛፍ አያውቅ፣ ኮረብታ አያውቅ፣
ሜዳውን ሁሉ ጠርጎ መጥቶ ጎናችን ላይ ነው የሚወድቅ።
እህል የጫነ ትልቅ መኪና ዥው ብሎ ሲያልፈን
ጅራታችን አማረው፣ እኛኑ ሊነዳን።
ኦሬስት ጉልበቴን ጨበጠ። «ኧረ» አለ። «ኧረ»።
እየተንፏቀቅን ተመለስን፤ የእጄ ላብ ሳይደርቅ አደረ።

«ክብደት አከፋፋይ ነው እንግዲህ» አለ ፔንር፣ አንዱን አወረደ፣
ብረቱ ባንኮኒው ላይ ሲያርፍ የእስክሪብቶው ብርጭቆ ራደ።
«እነዚህ ሁለት ዘንጎች እንደ ደጋን ይወጠራሉ፣
ኋላ የተቆለለውን ወደ ፊት ጎማ ይገፋሉ፣
ከፊሉንም ወደ ተጎታቹ እግር። ግን እንዳትሳሳቺ፣
ሸክሙ አይቀንስም፤ አድራሻውን ነው የምትቀይሪው አንቺ።
ዘንጉ ከቀጠነ ይተኛል፣ ስሙ ብቻ ነው፤
ከወፈረ ይደርቃል፣ ጠጠሩን ሁሉ ወገብሽ ነው የሚቆጥረው።
ስለዚህ ፋብሪካ የጻፈውን ተይውና ሂጂ መዝኚ፣
እንደተጫነ፣ ከነውሃው፣ ከነድስቱ። በእኔም ምላስ አትተማመኚ።»

በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ብሪን የምትባል ልጅ መዘነች፤
«አራት መቶ አርባ!» ብላ በመስኮት ወረቀት ወረወረች።
ሦስት መቶ ነበር የተባልኩት። ከየት መጣ ትርፉ?
የፊቱን ሳጥን ስከፍት፣ ሞልቷል እስከ አፉ፤

ድንጋይ።

የኦሬስት ድንጋይ። ከየወንዙ ዳር በየበጋው የለቀመው፣
ቀዩ፣ ባለ መስመሩ፣ ቅጠል የታተመበት፣ እንቁላል የሚመስለው፣
በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ፣ በግራ እጁ አንድ በአንድ፣
እኔ ተኝቼ፣ ስንት ሌሊት ተመላልሶ በጓሮው መንገድ።
«ለምን?» አልኩት። አፉን ከፈተ፣ ቃሉን ፈለገ፣ ፈለገ፣
ከዚያ በጣቱ ውሃ ሠራ፣ እንደ መወርወር አደረገ።

ሊመልሳቸው ነው። ለየወንዛቸው።

ፔንር ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ፤ «ታዲያ ምን ልምረጥልሽ?
ዘንግ የሚበቃ ለመሄጃሽ፣ ወይስ ለመመለሻሽ?»
ወፍራሙን ወሰድን። «ሰንሰለቱ» አለ «ዘለበት ስላለው፣
ድንጋዩ ሲጎድል አንድ አንድ እያልሽ ነው የምታላዪው፤
ግን ሁሉን አትጣሉ፤ ምላስ ሲበዛ ከቀለለም
ተጎታች ይወዛወዛል፣ መንገዱን አይዝም።»

ሜትሩን ለኦሬስት ሰጠው። ከፊት ፓራፋንጎ እስከ መሬት
ለካ፤ ቁጥሩን መጥራት ቢያቅተው አውራ ጣቱን አኖረበት።
ማንሻውን በግራው ሳበ፣ ሰንሰለቱ ቀጭ አለ፣
አፍንጫው ዝቅ፣ ቂጡ ከፍ፣ መኪናው ተስተካከለ።

ቅዳሜ ወጣን። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፣ መሪው ግን ከበደኝ፤
ክብደት እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝ።
የመጀመሪያው ወንዝ ዳር ቆምን። ካልሲ ፈታ፣ አንዱን መረጠ፣
ቀለሙ እንዲወጣ እንደ ድሮው በምላሱ አረጠበ፣ ገለበጠ፣
«አዎ» አለ። መልሶ ኪሱ ከተተው።
ሰንሰለቱን ማላላት ለዛሬ ልተው።