የዝናብ ጣሳ

ይህ ሜዳ ልክ አያውቅም፣ መሃል የሚሉት ቦታ፤
ወይ በጭቃ ይውጥሃል፣ ወይ ያነድሃል እስከ ማታ።
አፉላ ላይ ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖሬ፣
ጃንጥላዬና ባርኔጣዬ አንድ ሚስማር ላይ ናቸው እስከ ዛሬ።

ጣራው ላይ፣ ከፀሐይ ማሞቂያው በርሜል ጥግ፣
ባዶ የቲማቲም ጣሳ አለኝ፣ ዝናብ የምለካበት በወግ፤
በጣቴ አንጓ ነው የምቆጥረው፣
በልጄ በኤፍራት አሮጌ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው፦

*ጥር ሦስት። ሁለት አንጓ። ቂሶን መንገዱን ዘጋ።*
*ጥር አራት። ጣሳው ሞልቶ ፈሰሰ። አውቶቡስ የለም።*
*ጥር ዘጠኝ። ዝናብ የለም። ውርጭ።*

ውርጭ ሌሊት በድንቹ ላይ ካለፈ፣
ጠዋት ቅጠሉ ጥቁር ነው፤ ያለ እሳት ተለብልቦ ረገፈ።
ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጫማ ይዞ አይለቅም፤
አንዱን ስነቅል ሌላው ይሰምጣል፣ አበዳሪ እንኳ እንዲህ አይጨብጥም።

የመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዋ፣ ብዕሯን ነክሳ፣ "ስምህ ማን ነው?" አለች።
"ዘነበ።" "ምን ማለት ነው?" በጣቶቼ ከላይ ወደ ታች ዝናብ አወረድሁ፤ ሳቀች።
ቀና ብላ መስኮቱን አየች፤ ውጭ ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ነጭ፣ ደመና የለም፤
"ይህ ስም እዚህ አይሆንም" ያለች መሰለኝ፤ ቋንቋዋን ገና አልሰማም።
"ታል" ብላ ጻፈች። ጠል! ይችን ቃልስ አውቃት ነበር፤
ጎርፍ ሆኜ ገብቼ፣ ጤዛ ሆኜ ወጣሁ ከዚያ በር።

ለዓመታት ተቀይሜያት ኖርሁ። ዝናብ መሬት ይቀዳል፣ ድልድይ ያነሳል፤
ጤዛ ምንድን ነው? ፀሐይ አንዴ ስታስነጥስ ይረሳል።

ከዚያ ያ ግንቦት መጣ።
ሻራቭ ይሉታል፤ ከምሥራቅ የሚነፍስ የምድጃ ትንፋሽ፣
ሰማዩ ቢጫ፣ የበር እጀታው የማይጨበጥ ፍም፣ የቧንቧው ውሃ ሻይ።

*አርባ ሦስት።*
*አርባ አራት ተኩል።*
*መብራት ጠፋ።*

ሽማግሌው ማኽሉፍ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ብቻውን፤
ስናንኳኳ ዝም አለ፤ ቫዲም በትከሻው ገፋው መዝጊያውን።
ከንፈሩ እንደዚህ አገር ነሐሴ ተሰነጣጥቆ፤
አምቡላንስ ጠራን። "ብዙ ሰው ወድቋል፣ ጠብቁ" አለን አንድ ድምፅ ተጨንቆ።
ከነወንበሩ ተሸክመን ወደ ጣራው ወጣን፤
ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፍን፤ በማሮክ ቋንቋ ሰደበን፣ ደስ አለን።

ወደ ንጋት ነፋሱ ፊቱን አዞረ፣ ከባሕር በኩል ረጠበ፤
በማሞቂያው መስታወት ላይ ጠል አንድ ባንድ ተሰበሰበ።
ሸሚዜን አውልቄ መስታወቱን ጠረግሁ፣ ግንባሩ ላይ ጨመቅሁ፤
"ምንድን ነው?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።
"ታል" አልሁት።
ስሜን ነገርሁት ወይስ ውሃውን? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ከወዲያ ማዶ ጊልቦዓ ገና ጨለማ ውስጥ ነበር፤
ድሮ ልቡ የተሰበረ አንድ ሰው ያንን ተራራ ረግሞታል ይባላል፤
ሁለቱንም ስሞቼን ነው የከለከለው፣ አንዱን ሳያስቀር።
ተራራው ግን አልሰማ ይሆናል፤
በመጋቢት፣ በየድንጋዩ ስንጥቅ፣ ሐምራዊ አበባ ያበቅላል።

ማኽሉፍ ያን ሙቀት ተሻገረ። የወሰደው ብርድ ነው፣ በጥር፤
ስንቀብረው ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፤ ቫዲም በባልዲ ይቀዳል፣ አንድ ቃል ሳይናገር።

ዛሬ መስከረም ነው። ጣሳው ደርቋል፤ ውስጡ አንድ የሞተ ዝንብ።
ኤፍራት ስልኳን ታሳየኛለች፤ "አባ፣ እየው፣ ሐሙስ ዝናብ።"
"እሺ" እላለሁ። ጣሳውን አጥባለሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ አስደግፋለሁ።
ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ የአንጓውን ቦታ ባዶ ተውሁት።
ጣሳ ጠል አይለካም።
ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁት።