ዛፍ ለጀማሪ

ደብረ ሲና። ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣
ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ መስኮቱን ሲያዳፍነው፣
በወጣት ማዕከሉ ክፍል አንድ ሽማግሌ አለ፤
እኔ ነኝ ሰውዬው።
ከአሥራ አንድ ሕፃናት ጋር ባጭር ወንበር ተቀምጬ፣
ጉልበቴን ከጠረጴዛ ሥር አጥፌ፣ እርሳሴን በቢላ ቀርጬ።

መምህርት ጥሩወርቅ ጠመኔዋን አነሣች፦
«ዛፍ ከረሜላ አይደለም፣ በስንጥር ላይ የተሰካ፤
እጃችሁ ይቆይ። ዐይን ይሂድ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ይለካ።»

ለመለካትስ ማን እንደኔ!
ሠላሳ ዓመት ለክቻለሁ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ፣
ወዴት እንደሚወድቅ፣ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው አጢኜ።
መጋዛችን የሁለት ሰው ነበረች፤ እኔ ከላይ፣ አጥናፉ ከታች፣
ሰጋቱራዋ መጀመሪያ ቅንድቡ ላይ፣ ኋላ ሳንባው ውስጥ ገባች።
እሱን ከቀበርን ወዲህ ከምስማሯ አልወረደች፤
ብቻውን የሚስባት የለም፣
ጥርሷን እንዳገጠጠች ዛገች።

«ጽድ» አለች መምህርቷ፣ «አናቱ ይሹል፤ ጭረቱ አጭር፣ አጭር፤
እየሰፋ ይውረድ፤ ውስጡን አጥቁሩት፣ ጫፉ ለብርሃን ይቅር።»

«ባሕር ዛፍ ቀላል ነው!» አለ አንዱ፣ አምስት መስመር ሽቅብ ሰድሮ፣
የሚላጥ ልጡን ረስቶ፣
ቅጠሉን ወደ ሰማይ እንደ ጃርት እሾህ ወጥሮ።
«ይንጠልጠል» አለችው፣ «እንደ ፍየል ጆሮ።»

ግራርን ለማሳየት እርሳሷን በጎኑ አስተኛች፤
«ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ አይታችሁት የለ? ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ሰፌድ፤
እጃችሁ አግድም ይሂድ፣ ከዳር ዳር ይንጎራደድ።»

ኮሶው ግን አስቸገረ። «ቀይ የለም?» አለች ጽጌማርያም።
«የለም። አንቺ ጥላውን ጣይ፤ ቀለሙን ዐይን አይረሳም።»

ወይራ ላይ ስንደርስ እጄ መንገዱን አገኘ።
ወይራ ቀጥ ያለ መስመር አይወድም፤
ይጠመዘዛል፣ ይቦረቦራል፣ ተመልሶ ራሱ ላይ ይዞራል፤
የመጋዝ ጥርስ ሲሰብር አውቀዋለሁ፣
ልቡ የት ጋ እንደሚጠቁር ጣቴ ያስታውሳል።
መምህርቷ ከኋላዬ ቆመች።
ቆመች። ምንም አላለች።

በመጨረሻ «የምትወዱትን ዛፍ» ተባለ።
ከወፍ ዋሻ ጥግ የጣልነውን ዝግባ አሰብኩ።
ግንዱን ጀመርኩ፤ አልመጣም። ቅርንጫፉን፤ አልመጣም።
ለካ ቆሞ ያየሁት ግማሽ ቀን ነው፣
ወድቆ ያየሁት ሁለት ሳምንት።
እና የማውቀውን ሣልኩ፦
ክብ፣ በክቡ ውስጥ ክብ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ክብ፣
አንዱ ካንዱ ሲርቅ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጠብ፣
ዝናብ የጠገበበት ዓመት፣ የተጠማበት ክረምት።

ጽጌማርያም አንገቷን አሰገገች፦ «ቀንድ አውጣ ነው?»
«ዛፍ ነው። ከላይ ሲታይ።»
«ወፍ ሲያየው?»
«የለም፤ መጋዝ ሲያየው።»
ማንም አልሳቀ። እሷ ጣቷን ከዳር ወደ መሐል እየነዳች
መቁጠር ጀመረች፤
ስልሳ ላይ ስትደርስ ጠፋባት፤
እንደገና ጀመረች።

እርሳሴ ደነዘ። ቢላዬን አወጣሁ።
ቅርፊቱ ጭኔ ላይ ሲረግፍ ሽታው ተነሣ፤
የጽድ ሽታ፣ የመሰንጠቂያው ጉድጓድ፣ የአጥናፉ ሸሚዝ።
ከትንሿ ጣቴ የምትቀጥን ነገር ይህን ሁሉ ይዛ!
ፍቅፋቂውን በመዳፌ ሰብስቤ፣
ማንም ሳያይ ኪሴ ከተትኩት።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አለች መምህርቷ፣ «የቆመ ዛፍ ሣሉ፤ ቆማችሁ።»

እሑድ ማለዳ ከአስፋልቱ በላይ ወጣሁ፣
ወደማውቀው ጽድ።
ጉሙ ውጦታል፤
ከወገቡ በታች ብቻ ይታያል፣ እንደ ጉቶ።
እርሳሴን ከጆሮዬ ኋላ ሰክቼ፣ እንደ ድሮው፣
ደብተሬን ብብቴ ሥር ይዤ፣
ቆምኩ፣
ቀሪው እስኪመጣ።