የላባ መሳቢያ

«እንዴት ገባሽበት?» ይላል ያየኝ ሁሉ፣
ሙጫና ስንጥሬ ከክንፍ ሥር ሲውሉ።
እኔስ ምን አውቃለሁ፤
እግር ጥሎኝ ገባሁ፣ እጅ ይዞኝ ቀረሁ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ ቅየሳ ተምሬ፣
በሦስት እግር ቆሞ በሚያይ መነጽር ፍቅር ታስሬ፣
መንገድ ልለካ ነው ከባቲ እስከ ደጋን፣
ዳገቱን በዲግሪ፣ በሜትር ገደሉን።
አባቴ ለመንደሩ «ኢንጂነሯ» ብሎ አስቀድሞ ሾመኝ፤
ማዕረጉን ሳልይዘው ስሙ አረጀብኝ።

አንድ ዓመት ጠበቅሁኝ። ሁለተኛም ጠበቅሁ።
መንገዱን ሌላ ሰው ሲለካው ቆሜ አየሁ።
በሦስተኛው ዓመት መጣ ደላላው ከማል፦
«‹የቤት ሠራተኛ› ወረቀት ላይ ነው እንጂ፣
እዚያ ስትደርሺ ይስተካከላል።»

ዶሃ፣ አል ራያን፣ ከአቡ ጃሲም ቤት
አሥራ ሁለት በር አለ፣ ሃያ ሦስት መስኮት።
(ቆጥሬያለሁ። ማን ይወልውለው?)
ጭልፊቱ ሐሪር የራሷ ክፍል አላት፣
ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስላት፤
እኔ የምተኛው ከካውያው ጋር።
ፓስፖርትም አላት፣
ፎቶዋ ያለበት፣ አገር የሚያሻግር፤
የኔን ካዝናው ውስጥ ቆልፎበት ነበር።

አንድ ጥቅምት ማታ መስታወት መታች፤
የጅራቷን ላባ ሰብራ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።
ሰውዬው አለቀሰ፤ ልጁ የወደቀ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።
እኔ ሳላስበው፣ በሰባራ አረብኛዬ፦
«ከሥሩ ሦስት ሣንቲም ላይ ነው፤ ሥጋው አልተነካም።»
ዓይን አንዴ መለካት ከለመደ አይተውም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ በኔ እጅ ጸጥ አለች።
ዶክተር ኩርያን አየኝ፦ «ይህቺ እጅ ሳህን ላይ ምን ትሠራለች?»
ዝውውሩ ግን አሥራ አራት ወር ፈጀ፤
በዚያ መሀል ስንቱ ሳህን ታጠበ፣ ስንቱ መጥረጊያ አረጀ።

ሥራው እንዲህ ነው፦
የተሰበረውን ከጤነኛው ወገብ በስለት መቁረጥ፣
ሌላ ወፍ ዓምና የጣለችውን ከመሳቢያ መምረጥ፤
ቀኝ ለቀኝ፣ ሰባተኛ ለሰባተኛ
(ቁጥሩን ከሳትሽው ትንገዳገዳለች እንደ ሰካራም መንገደኛ)፤
ሹል የቀርከሃ ስንጥር በሁለቱ አገዳ መሀል፤
አንድ ጠብታ ሙጫ፤ ትንፋሽን መያዝ፤ ይደርቃል።
ከማደንዘዣው ስትነቃ አታውቅም ምን እንደሆነች፤
ባላየቻት ወፍ ላባ የራሷን ሰማይ ትበራለች።

መሳቢያው ላይ ያለው ቁጥር በቀያሽ እጅ ነው የተጻፈ፤
ዲፕሎማዬም ከሥሩ አለ፣ ላባ ታቅፎ ያረፈ።

ኩርያን የተማረው ላምና በሬ ማከም ነበር።
ሸሪፍ፣ የካርቱም ልጅ፣ አውሮፕላን ሊያበርር፤
ዛሬ ለጭልፊት ፓስፖርት ይጽፋል፣
የእግር ቀለበቷን ቁጥር ይሞላል።
«እኔ ባልበርም የሚበሩትን አሳልፋለሁ» ይላል፤
ይስቃል፤ ሳቁ ግን ግማሹ ከጥርሱ ላይ ይቀራል።

«እህል ውሃ ነው» ይላል የጠየቀኝ ሰው ሲሰናበት።
እህል ውሃ ግን ከማል አይደለም፤ ኮሚሽን የለበት።

አርብ አርብ አባቴ ይደውላል። «መንገዱስ?»
«አባዬ፣ ክንፍ ነው የምጠግነው።»
ትንሽ ዝም ይላል። «የአውሮፕላን ነው?»
መስመሩ ተቆረጠ፤ ደግ አደረገ።
ማዕረጌ ይኸው ባቲ ገበያ ድረስ አደገ።

ሐሪር ዘንድሮም ሰበረች። ጠገንኳት።
ትናንት ከከተማው ወጥተን አሸዋው ላይ ለቀቅናት።
መቶ ሜትር። ሁለት መቶ። በዓይኔ ለካኋት።
አራት መቶ ላይ ፀሐይዋ ውስጥ ገባች፤
ላባው የማን እንደነበረ ለማንም አልነገረች።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ርቀት
አላስተማሩንም ትምህርት ቤት።