የሦስተኛዋ ክር ሒሳብ

ማክሰኞ ማታ ነው። ከወንዙ ወዲያ ማዶ፣
ሲዘንብ የዋለው ሰማይ ደክሞት፣ በርዶ፣
የሙዝ መጋዘን ከነበረው ቤት
ደወሉልኝ፦ «ፒያኖው ታሟል፤ ድረስለት።»

ሌንደርት እባላለሁ። ያባቴን ቦርሳ እንደያዝኩ፣
አርባ ዓመት በሮተርዳም ፒያኖ ስቃኝ ኖርኩ።
ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መትቼ ጆሮዬን እደግናለሁ፤
ትንኝ የምታህል ስሕተት ከሩቅ እሰማለሁ።
አባቴ ይል ነበር፦ «ቅኝት ማለት ግድብ ነው፤
አንዲት ቀዳዳ ናት አገር የምታሰምጠው።»

ሰማንያ ስምንቱን ቁልፍ አንድ በአንድ አስታረቅኩ፤
ላቤን ጠርጌ «በቃ፣ ድኗል» ብዬ ተነሣሁ።

ኑርጉል ሳዟን ታቅፋ ቀረበች፤
አንዲት ክር በጥፍሯ ነካ አደረገች።
ድምፁ መጣ፣
ከዚህኛውም ቁልፍ ከዚያኛውም ያልወጣ፣
በነጩና በጥቁሩ መሀል፣ በግድግዳ ስንጥቅ
እንደ ድመት ሾልኮ የሚጠልቅ።
«ይቺ» አለችኝ፣ «በቤትህ ውስጥ የለችም።»
እውነቷን ነው፤ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም።
«የአባቴ መንደር ሰዎች፣ በቶካት በኩል፣
ሙሾ ሲጀምሩ እዚች ላይ ነው የሚቆሙት» አለች ኑርጉል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት፤ «ፒያኖ እኮ ነው፤
ቁልፍ አለው እንጂ መስኮት የት አለው?»

ከበሮ መቺው ኢልዶ ሣቀ። ቀን ቀን መርከብ ይበይዳል፤
የኬፕ ቨርዴ ልጅ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ምት ይጠብቃል።
ሄስተር ኮንትራባሷን ተደግፋ ዳቦ በአይብ ትበላለች፤
«እኛ ሆላንዶች ስንወለድም በማስመሪያ ነው» አለች።

ሳሪማን ግን ዝም ብሎ የፒያኖውን ክዳን ከፈተ፤
ወደ ውስጥ፣ ወደ ብረቱ ሆድ ተመለከተ።
ቅድመ አያቱ ከጃቫ ወደ ሱሪናም፣ ሸንኮራ ሊቆርጡ
በመርከብ ሲሄዱ፣ የነሐስ ደወል ይዘው ነው የወጡ።
«እሱ» አለ፣ «አንዴ ሲመታ ሰባቴ ይወዛወዛል፤
የማይወዛወዝ ደወል እኛ ቤት ሞቷል ይባላል።
ለዚች ቁልፍ ሦስት ክር አለህ፤
ሁለቱን ተዋቸው፤ አንዷን ልቀቃት እባክህ።»

ልቀቃት!
አርባ ዓመት ሲያጠብቅ የኖረ እጅ እንዴት ይፍታት?
የአባቴ ግድብ ታየኝ፣ ውሃው ከኋላው ቆሞ።
መፍቻውን ሰካሁ፤ እጄ ፈራ፣ ደግሞ...
የጥፍር እድፍ ታህላለች ያዞርኳት ዙር፤
ክሯ ግን ቃተተች እንደ አሮጌ በር።

ከዚያ ተጫወቱ።

ዘጠኝ ምት ነው አሉኝ፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ስምንተኛው ላይ ወደቅኩ፣ በጨለማ ደረጃ እንደ መሳት።
ኢልዶ በመጥረጊያው ነሐሱን እንደ አሸዋ አሸው፤
ሄስተር በወፍራሙ ክር ከሥር ከሥር ተራመደችው።
ሳዙ ጠየቀ። ፒያኖው ሊመልስ ሲል ያቺ ክር ተርገበገበች፤
ከሁለት እኅቶቿ ጋር በአንድ አፍ ተጣላች፤
ተጣላችና ደግሞ፣ እንዴት ልበል፣
ከግድግዳ ማዶ ጎረቤት ሲታረቅ የመስማት ያህል።

ጆሮዬ «ስሕተት ነው» ይለኛል፤ እግሬ ወለሉን ይመታል።
ጆሮዬስ እንጀራዬ ነው፤ እግሬ ግን የማን ይባላል?

እኩለ ሌሊት ላይ አበቁ። ኢልዶ ማለዳ ሥራ አለው።
ሒሳቡን ልጽፍ እርሳስ አወጣሁ፤ በምን ስም ልጥራው?
«የተቃኘ፦ አንድ ክር» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤
«የተበላሸ፦ አንድ ክር» አልኩ፤ ያንንም ፋቅኩት።
በመጨረሻ «አንድ ክር» ብቻ ብዬ ዋጋውን ባዶ ተውኩ፤
ቦርሳዬን አንሥቼ በዝናቡ ወደ ትራሙ ሮጥኩ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ አልከፈሉኝም።
እኔም አልጠየቅኳቸውም።
ትናንት ማታ ደወሉ፦
እርጥበቱ ክሯን መልሶ አጥብቋታል አሉ።

ነገ እሄዳለሁ።