ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ

በቦቦናሳ ወንዝ ገባሁ፣ ሻንጣዬን በላስቲክ አስሬ፣
ሠላሳ የሥዕል ካርድ ከልብሴ ሥር ደርድሬ፤
«ደንን እንንከባከብ» ይላል፣ በስፓኒሽ፣ በትልቁ ተጽፎ፣
ለደን ልጆች የተሳለ ደን፣ ጦጣው ፈገግ ብሎ ግንድ አቅፎ።
ማይኮል አንዱን አነሳ፣ አየው፣ አገላበጠው፣
«ይሄ ጦጣ እዚህ የለም» አለና መለሰው።

መምህር ኦልሜዶ ታፑይ ጠመኔ ሰጠኝ።
«የኪችዋ ልሳን» አለኝ «ሦስት ድምፅ ይበቃዋል፤
ኡ፣ ኢ፣ ኣ።
ሌላው በመርከብ የመጣ ነው።»
ሦስት! ካዕብ፣ ሳልስ፣ ራብዕ!
ሰባት ቤት ስቆጥር ያደግሁ፣
ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በዜማ የወረድሁ፣
አራቱን ቤት ቆልፌ በሦስቱ ልከርም ነው? አልሁ።

ሽማግሌው ዶን ባሲሊዮ ኖላዊት ማለት አቃተው፣
«ኑላዊ» አለኝ፤ ስሜን ከሳብዕ ወደ ካዕብ አወረደው።
ሳምንት ሳይሞላ፣ ኑላዊ ሲሉ
ዞር የምትል ሌላ ሴት ሆንሁ።

የልምምዴ አራተኛ ወር፣ ማክሰኞ፣ ክፍሉ ባዶ ነበር።
ስም ጠራሁ። ኔልዳ። ዝም።
ማይኮል። ዝም።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻውን «አቤት» ይላል።
ሃያ ሁለት ጊዜ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ቀሪ» ብዬ ጻፍሁ።

ለካ ሌሊት ባለክንፉ ጉንዳን ወጥቷል፤
በዓመት አንዴ፣ ከነጎድጓድ ማግስት፤
መንደሩ በሙሉ ችቦ ይዞ ጉድጓዱን ከቧል።
ኦልሜዶ መጣ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣
ባልዲ በእጁ። መዝገቤን አየና፣
«ሃያ ሁለቱም ትምህርት ላይ ናቸው» አለ፣
«የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ከሁሉ በታች ጨመርሁ፦ ኑላዊ፣ ቀሪ።
ጉንዳኑን በጨው ቆልተው ሰጡኝ።
ቅባቱ ከሱፍ ይበልጣል።

ኔልዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ታንኳ ትቀዝፋለች።
«ኛውፓ» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ፊት እያመለከተች፤
«ፊት ማለት ነው። ዱሮም ማለት ነው፤
ያለፈው ስለሚታይ ፊታችን ነው።
ዋሻ ደግሞ ጀርባ ነው፤
ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ገና ያላየነው።»

ዋሻ! እኛ ጋ እኮ ዋሻ
የጨለማ ቤት ነው፣ መግቢያው የማይታወቅ መድረሻ።
ደግሞስ እኔ ራሴ «በፊት» ስል ያለፈውን፣
«በኋላ» ስል ከጀርባ የሚመጣውን፣
ሃያ አራት ዓመት በአፌ ይዤ የዞርሁትን፣ ያላየሁትን፣
አንዲት ልጅ ቀዘፋዋን ሳታቋርጥ ነገረችኝ።

በመጨረሻው ቀን የቁምሳጥኑን በር ከፍታ
ከውስጥ በኩል የተጻፈ የስም ረድፍ አሳየችኝ፤
ሲልከ፣ ስለ ፕላስቲክ ያስተማረች፤
ቶቢያስ፣ ስለ ጥርስ ብሩሽ፤
ኤሎዲ፣ «ሕልማችሁን ሳሉ» ትል የነበረች፤
ሌሎች ሦስት፣ እርጥበት የበላቸው።
«ሁሉም እመለሳለሁ ብለዋል» አለች፣
ሳትቆጣ፣ የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው።
«አንቺ ሰባተኛ ነሽ።»

ሰባተኛ። ሳብዕ።
ልሳናቸው የማያውቀው ድምፅ፣
ከንፈር አሞጥሙጦ የሚቀር «ኦ»።

እመለሳለሁ አላልሁም።
ጠመኔውን ተቀብዬ፣ በካዕብ፣
«ኑላዊ» ብዬ ጻፍሁ።

ሞተሩ ሲነሳ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥሁ።
«የተገላቢጦሽ ነሽ» ብሎ ባለታንኳው ሳቀብኝ።
ይሳቅ። መንደሩ ፊቴ ነበር፤
ኩርባው እስኪውጠው፣ ከዚያም በኋላ፣
ፊቴ ነበር።

ካርዶቹን እዚያው ትቻለሁ፤ ጀርባቸው ባዶ ነውና ይጠቅማል።
ማይኮል ቀይ እስክሪብቶዬን ይዞ
እዚህ ያለውን ጦጣ መሳል ጀምሯል፤
ጅራቱ አንድ ካርድ አልበቃውም፣
ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል።