ባሕር ሸሽ

ኅዳር ሲታጠን ነው ጣና የሚሸሸው፣
ጥቁሩን አፈሩን ለእኔ የሚተወው።
ሽምብራ እዘራለሁ በእርጥቡ መሬት ላይ፣
ክረምት ሲመለስ ነው ዳግም የምንተያይ።
ውልም የለን እኛ፣ ምስክር፣ ማኅተም፤
ሃያ ዓመት ሆነን፣ ተሟግተን አናውቅም።

አምና በጥቅምት ወር፣ ሽንኩርት እየመዘንሁ፣
ከድምፅ ማጉያው አፍ ግማሽ ግማሽ ሰማሁ፦
«ከውኃው ጠርዝ ሃምሳ ሜትር ለሚለቅ፣
ደንገል ለሚተክል፣ ዳርቻ ለሚጠብቅ፣
ድጎማ መጥቷል፤ ወረታ ተመዝገቡ፤
ፎቶና መታወቂያ፣ ደብተር አቅርቡ...»
የቀረውን ፍየሎች ጮኸው በሉት።

ሄድሁ።
ቢሮ ቁጥር አራት፦ «ስድስት ነው እሱ።»
ቢሮ ቁጥር ስድስት፦ «ስብሰባ ናቸው፤ ማክሰኞ ይመለሱ።»
ማክሰኞ ኃላፊው አሉ፣ ማኅተሙ የለም፤
ሐሙስ ማኅተሙ አለ፣ ደረቀ ቀለም።
ለባጃጅ፣ ለፎቶ፣ ለቅጂ ተከፍሎ፣
የሽንኩርቴ ገንዘብ ቀረ ቋጠሮ መስሎ።

«ደብተር?» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፤
አረንጓዴውን ሰጠኋት፣ አይጥ የበላውን ጥግ ሸፍኜ እንዳታይ።
«ይህ የጓሮዎ ነው። የዳርቻው የታል?»
የዳርቻው፣ ልጄ፣ ባሕር ሸሽ ይባላል፤
ስድስት ወር የእኔ ነው፣ ስድስት ወር የጣና፤
በማን ስም ይጻፋል፣ ማን ይፈርምና?

ዝም አለች። ቅጹን ገለበጠች፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሣጥን ፈለገች፤
«ባለቤት» የሚል አለ፣
«ተከራይ» የሚል አለ፣
«የጋራ» የሚልም አለ።
«እየመጣ የሚሄድ» የሚል ግን የለም።

በሳምንቱ መጣ ይሁኔ በሞተር፣
ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ሊለካ በሜትር።
«መሬትዎ የት ነው?» «እዚያ ነው» አልሁት፤
በጣቴ ሐይቁን አሳየሁት።
እምቦጭ ተንጣሎበት አረንጓዴ ምንጣፍ፣
አበባው ሲያዩት የሰርግ ቤት ደጃፍ፤
ከሥሩ ታንኳችን፣ እንደ ወይፈን ታስራ፣
ሁለት ወር አለፋት ሳትቀዝፍ ሳትሠራ።

መለኪያው በእጁ ላይ ቁጥር እየቀያየረ፣
ልጁ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቀረ፤
ሃምሳ ሜትር ሊለካ ከየት ጫፍ ይነሣ?
ማዕበሉ ሲመጣ ካስማውን ሲያነሣ!
«ይቺን ዋንዛ» አለኝ፣ «ውኃ አልፏት ያውቃል?»
«ባሌ በሞተ ዓመት እግሯን ነክቷት ተመልሷል።»

ከዋንዛዋ ጀምሮ በእርምጃ ቆጠረ።
ከዚያ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
ከሣጥኖቹ ውጭ፣ ባዶው ኅዳግ ላይ ጻፈ፦
«ባለ ይዞታ፦ ወይዘሮ አጀቡሽ እንደግ እና ጣና። በየስድስት ወሩ።»
አነበበልኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
«አይቀበሉኝ ይሆናል» አለ፣ ሞተሩን ሲያስነሣ፤
አንድ ከረጢት የደንገል ሥር አራግፎልኝ ሄደ።

ብሩ እስካሁን የለም። ደብዳቤ ነው የመጣው፤
«ጥያቄዎ በመታየት ላይ ይገኛል» የሚለው።
ማን እያየው እንደሆነ አልጻፉም።
እኔ የማየው ግን ደንገሉን ነው።
ግማሹን ክረምቱ ነቅሎ ወሰደው፤
የቀረው ከወገቤ በላይ ሆኗል፤
አንዲት ወፍ ጎጆ ጀምራበታለች፣
ፎቶ ሳታስነሣ፣ ቅጽ ሳትሞላ።

ዘንድሮም ኅዳር ታጥኖ፣ ጣና ሸሸ።
ሃምሳውን ብለቅ የልጆቼ ጦም ነው፤
ሃምሳውን ባርስ ደግሞ ፊርማዬን ማጠፍ ነው።
ቆምሁ ከዋንዛዋ ሥር፣ ዘሩን በነጠላዬ ይዤ፣
ወፏ ትጮኻለች፣ በሬዎቹ ይጠብቃሉ።

ሃያ አምስቱን ዘራሁ፣ ሃያ አምስቱን ተውሁ፤
የተውሁትን ለሐይቁ በቃል አስፈረምሁ።
እሱ እንኳ ማኅተሙን ይዞ ስብሰባ አይሄድም፤
ቀለሙም አይደርቅም።