ተውጦ ያልተፈጨ

መብራት ዛሬም ሄዷል፤ ትምህርት ግን አይቆምም፣
የኛ ማይክሮስኮፕ ቆጣሪ አያውቅም፤
ከሥሩ መስታወት፣ ከመስኮቱ ፀሐይ፣
ስልሳ ሁለት ልጅ ተሰልፎ ሊያይ።

ሽንኩርት ላጥኩላቸው፤ የውስጧን፣ ያቺን ስስ፣
በወረንጦ ይዤ፣ እንዳትበጠስ፣
አዮዲን ጠብ አርጌ መስታወት ላይ አኖርኩ፤
«ማን ይጀምር?» አልኩ።

ለሊሴ ጉተማ ቀድማ አጎነበሰች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ዋጠች።
«ቲቸር! ኮንዶሚኒየም!»
ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
እውነቷን ነዋ! ግድግዳ በግድግዳ፣
ብሎክ ከብሎክ ጋር፣ የተሰለፈ ጓዳ፣
በየጓዳው ደግሞ አንድ ቡናማ ነጥብ፦
ኒውክለስ፣ ቤት ሁሉ የሚታዘዝለት መዝገብ።

የቀረውን ይህ ሌንስ አቅም የለው ሊያሳይ፤
ጠመኔ አነሣሁ፣ ሳልኩት ሰሌዳ ላይ።
«ይህ ክፈፉ ነው» አልኩ፣ «ስስ ነው፣ ግን ዘበኛ፤
ውኃን እለፍ ብሎ፣ ጨውን ወዴት? የሚል፣ ሌት ቀን የማይተኛ።»

ስልሳ አንድ አንገት ዞረ ወደ ለሊሴ።
መሬት መሬት አየሁ፤ ከበደኝ ምላሴ።
አባቷ ጉተማ የብሎካችን ጥበቃ፣
በሌላ ሰው ካፖርት ሌሊቱን የሚነቃ፤
ከአራተኛው ፎቅ፣ ከወጥ ቤቴ ሥር
የሱ ምስር ነበር።

ቶሎ አለፍኩት። ራይቦዞምን ነቁጥ ነቁጥ፣ እንደ ጤፍ በተንኩ፤
«ሊሶዞም ወፍጮ ነው፣ የገባን ይፈጫል» ብዬ ተናገርኩ።
«ጎልጂ መናኸሪያ ነው፣ እንደ ቱሉ ዲምቱ፤
ዕቃ ጠቅልሎ፣ አድራሻ ለጥፎ፣ ይሸኛል በሰዓቱ።»
«በሰዓቱ?» አሉና ሳቁ እንደገና፣
ታክሲያችንን ያውቁታልና።

ከዚያ ባቄላ ሳልኩ፣ ሆዱ የተጣጠፈ፣
ሚቶኮንድሪያ የሚል ከሥሩ የተጻፈ።
«ድሮ፣ ቅጠል ሳይኖር፣ ሳንባም ሳይፈጠር፣
ይህ ለብቻው ዋኝቶ ለብቻው ሲኖር፣
ትልቁ ዋጠው።
ዋጠው፣ ግን አልፈጨው።
ዛሬም እሆዱ ውስጥ የራሱ ፊደል አለው፣
እናት ለልጇ ብቻዋን የምታወርሰው፤
የበላነውን ሁሉ አንድዶ ጉልበት የሚያደርገው እሱ ነው፤
የዋጠው ገላ ያለሱ ሬሳ ነው።»

ለሊሴ እጇን አነሣች።
«ቲቸር፣ ሳይዋጥ በፊት፣ ስሙ ማን ነበረ?»
መጽሐፉን ገለጥኩት፤ ገጹ ዝም ብሎ ቀረ።

ይህ ሰፈር ቆዬ ነው፣ ቆዬ ፈጬ ስሙ፤
ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ ሌላ ነው ትርጉሙ፤
የኔ የአማርኛ ጆሮ ግን አጣሞ ሰማ፦
«ቆየ» ይላል መንደር፣ «ፈጨ» ይላል ከተማ።

ማታ ስመለስ፣ ጣቴ ገና ሽንኩርት ይሸታል፣
ጉተማ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አጎንብሷል፤
ክንድ በማትሞላ፣ ሲሚንቶ በረሳት መሬት
ምስር በቅሏል፤ በሃይላንድ ውኃ ያጠጣት ይዟል፣ ጠብታ በጠብታ፣ በስስት።
«ያ ማሳህ» አልኩት፣ «ያኔ ስም ነበረው?»
የሃይላንዱን ክዳን ቀስ ብሎ ጠመዘዘው።
ቀና ብሎ አየኝ።
ስሙን ነገረኝ።
ደገምኩት። «አይደለም» አለና አስደገመኝ።
እንደገና ሳትኩ፤ እንደገና አረመኝ።
በሦስተኛው ላይ
በሩን ከፈተልኝ።